ናርቪክ ለበረዶ ዕረፍት ትሆናለች? ወይስ የብረት ወደብ ብቻ ናት?

ሰላም_ከኦስሎ

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው።

ፌብሩዋሪ ላይ የልጆቹ ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት ይዘጋል። ኖርዌይ 11 ዓመት ኖሬ ከትሮንድሄም ወዲያ ረግጬ አላውቅም። ሲያስቡት ያሳፍራል። ዘንድሮ ሰሜኑን እንየው ተባብለናል። ባለቤቴ ትሮምሶ ካልሆነ ይላል፤ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚለጥፈው ከዚያ ነውና። እኔ ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስለ ናርቪክ ካወራችኝ ወዲህ ልቤ እዚያ ቀርቷል። ከተራራው በስኪ ስትወርጂ ከእግርሽ ሥር ያለው ፊዮርዱ (በተራሮች መሃል የገባው ባሕር) ነው አለችኝ። ሌላው ባልደረባችን ሰምቶ ሳቀ። «የብረት ድንጋይ መርከብ ላይ ሲጫን ልታዪ ነው እንዴ?» አለ።

ግራ ገባኝ። ልጆቼ 9 እና 12 ናቸው። ስኪ ትንሽ ይሞክራሉ። እኔና አባታቸው ግን የምንንሸራተተው ሳንፈልግ ብቻ ነው። ለእንደኛ ዓይነት ቤተሰብ ይህች ከተማ ምን አላት? የሄደ ሰው ይንገረኝ።

ቀድሞ_ናርቪክ

እህቴ፣ እዚያ ሁለት ዓመት ኢንጂነሪንግ ተምሬያለሁ። የትሮምሶው ዩኒቨርሲቲ ናርቪክ ላይ ካምፓስ አለው። በኔ ጊዜ ክፍያ አልነበረም፤ ከ2023 ጀምሮ ግን ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ተማሪ ክፍያ ተጀምሯል። እንደኔ ያለው አበሻ አሁን በቀላሉ የሚገባ አይመስለኝም።

ባልደረባሽ የሳቀው በግማሹ ልክ ነው። ናርቪክ የፖስት ካርድ ከተማ አይደለችም። ውኃ ዳር የተደረደሩ ቀያይ የእንጨት ቤቶች እያሰባችሁ ከሄዳችሁ ትከፋላችሁ። በ1940 ቦምብ ብዙ አፍርሷታል። ከዚያ በኋላ የተሠራው ደግሞ ለዓይን ተብሎ አይደለም። ሐዲዱ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ወደቡም ከከተማው ተገልሎ የተቀመጠ ሳይሆን እዚያው መሃላቸው ነው። የመጣሁ ሰሞን «አውሮፓ ያሉት ይሄን ነው?» ብዬ ነበር፤ አልዋሽም።

ከዚያ አንድ ቀን ደመናው ተገለጠና ቀና አልኩ። ተራራው ከቤቶቹ ጓሮ ነው የሚነሳው። ከመሃል ከተማ ጎንዶላው (በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራ የሚያወጣው ማንሻ) ድረስ በእግር ትደርሻለሽ። በ2019 የተከፈተው አዲሱ ጎንዶላ ወደ 650 ሜትር ከፍታ ያወጣሻል፤ ተንሸራታቾቹ ከዚያ በሌላ ማንሻ እስከ 1,003 ሜትር ይቀጥላሉ። ልብ በይ፣ ከተማዋ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት። እና ይህ ሁሉ ከፍታ ከዜሮ የሚቆጠር ነው። ስኪ የማይችል ሰው ጎንዶላውን ይዞ ወጥቶ፣ ላይ ሻይ ቡና ብሎ፣ ፊዮርዱን ሲያይ ውሎ ይወርዳል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት እንደዚያ ነበር የጨረስኩት።

ጊዜውም ጥሩ ነው። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ቀኑ ብርሃን አለው፤ ማታው ደግሞ ገና ጨለማ ስለሆነ፣ ሰማዩ ከጠራ የሰሜን ብርሃን ታያላችሁ።

ብርዱን አትፍሪው። ከአርክቲክ ክበብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በስተሰሜን ብትሆንም ከባሕሩ የሚመጣው ሙቀት ያለዝባታል። ጃንዋሪ ላይ እንኳ ከዜሮ በታች በጥቂት ዲግሪ ትውላለች። የሚያስፈራው መንገዱ ነው። ዛሬ ይዘንባል፣ ሌሊት ይረጋል፣ ጠዋት አስፋልቱ መስተዋት ይሆናል። ጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ ሳትገዙ እንዳትሄዱ። በመጀመሪያው ወር ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ። አንዴማ ከኦስሎ የተላከልኝን እንጀራ ታቅፌ።

ቁጥር_ነጋሪ

እኔ ከባልሽ ጋር ነኝ። ትሮምሶ ሂዱ። የአጋዘን ግልቢያው፣ የውሻ ጋሪው፣ ሁሉም እዚያ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ናርቪክ 14,000 ያህል ሰው የሚኖርባት የሥራ ከተማ ናት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ የምታገኙት ጥላችሁን ነው።

ቀድሞ_ናርቪክ

@ቁጥር_ነጋሪ ወንድሜ፣ ትሮምሶ ላይ የሰሜን ብርሃን ለማየት ከሦስት አውቶቡስ ቱሪስት ጋር ተጋፍተህ መቆም ነው። ምርጫ ነው እንግዲህ።

ስቶክሆልም_ሰፈር

እኛ ከስዊድን በኩል በሌሊት ባቡር ነው የምንሄደው። ከስቶክሆልም ማታ ተነስተህ በማግስቱ ናርቪክ ነህ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ናርቪክ ከሌላው የኖርዌይ ሐዲድ ጋር አልተገናኘችም። ከኦስሎ በባቡር ልሂድ ካልሽ ወይ በስዊድን ዞረሽ ነው፣ ወይ በኖርዌይ በኩል ፋውስኬ ድረስ በባቡር ሄደሽ ቀሪውን በአውቶቡስና በጀልባ ነው። ልጆች ይዘሽ ከሆነ ኢቬኔስ አየር ማረፊያ ድረስ ብረሪ፤ ከዚያ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ግን እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ አንድ ቀን ባቡሩን ያዙ። ወደ ስዊድን ድንበር ወጥታችሁ ተመለሱ። አቢስኮ ድረስ ብትዘልቁ ደግሞ የተሻለ፤ እዚያ ተራሮቹ ደመናውን ስለሚይዙት ሰማዩ ብዙ ጊዜ ይጠራል። ስትመለሱ በስተቀኝ ተቀመጡ። ሐዲዱ ከገደሉ ላይ ተለጥፎ ነው የሚወርደው፤ ሮምባክ ፊዮርድ ከታች ነው። ባቡር የሚፈራ ሰው ባያይ ይሻላል።

ስለ ብረቱ ለሳቀው ባልደረባሽ ደግሞ ይቺን ንገሪው። የስዊድኗን የኪሩናን ማዕድን የሚያወርደው ባቡር 68 ፉርጎ አለው። እያንዳንዱ 100 ቶን ይሸከማል። ርዝመቱ 750 ሜትር ነው። ከድንበሩ እስከ ባሕሩ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። ታዲያ ሎኮሞቲቩ ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና መብራት ያመነጫል። ያ መብራት ባዶውን ባቡር መልሶ ወደ ድንበር ለማውጣት ይበቃል። ማለትም ድንጋዩ ሲወርድ ለፉርጎዎቹ የመመለሻ ይከፍልላቸዋል። እኔ ይህን ስሰማ አላመንኩም ነበር። አሁን ባየሁት ቁጥር ፈገግ እላለሁ።

ድሬ_ልጅ

የባቡር ነገር ሲነሳ ዝም አልልም። ለገሃር ጎን ነው ያደግሁት።

ናርቪክ የከተማነት መብት ያገኘችው በ1902 ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የገባውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። እኩያ ናቸው! ሁለቱም ባቡር የወለዳቸው። ከዚያ በፊት ናርቪክ የእርሻ ቦታ ስም ነበረች። መጀመሪያ ሐዲዱን የጀመረው የእንግሊዞች ኩባንያ ነበር። ለስዊድን ልዕልት ክብር ቦታውን «ቪክቶሪያ ወደብ» ብሎ ሰየማት፣ ከዚያ በ1889 ከሰረና መሣሪያውን ጥሎ ሄደ። በኋላ መንግሥታቱ ራሳቸው ገብተውበት ጨረሱት፤ ያኔ የሁለቱም አገሮች ንጉሥ የነበረው ኦስካር 2ኛ በጁላይ 1903 መርቆ ከፈተው።

የሚገርመኝ የሐሳቡ መነሻ ነው። ማዕድኑ የስዊድን ነው። ስዊድን ባሕር አላጣችም፤ ሉሌዮ የሚባል ወደብ አላት፣ ግን በበረዶ ወቅት ባሕሩ ይረጋል። የናርቪክ አይረጋም። ስለዚህ ተራራ በስተው ጎረቤት አገር ድረስ ሐዲድ ዘረጉ። ባቡሩ ሥራ በጀመረ በሁለት ዓመቱ፣ በ1905፣ ኖርዌይ ከስዊድን ተለየች። ወደቡ በአንድ ሌሊት የሌላ አገር ሆነ። ብረቱ ግን መውረዱን አላቆመም። ተስማምተው ይኸው ከ120 ዓመት በላይ አብረው እየሠሩ ነው። ይህን ያነበበ የእኛ አገር ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ…

አንበሳው_77

እንዴ፣ ታዲያ እኛስ ቀይ ባሕር ላይ

አወያይ

@አንበሳው_77 ቀሪውን አጥፍቼዋለሁ፣ ይቅርታ። የቀይ ባሕር ክርክር የራሱ ክር አለው፣ 340 ገጽ ደርሷል። እዚህ ስለ ናርቪክ እናውራ።

ሻምበል_ጡረተኛ

ልጆች፣ እኔ ደግሞ ስለ ጦርነቱ ጥቂት ልጨምር። ከእኛ ታሪክ ጋር የሚያያዝ ነገር አለበትና አወያዩም ይታገሰኝ።

ጀርመን በኤፕሪል 9፣ 1940 ናርቪክን የያዘችው ለዚሁ ብረት ብላ ነው። በአሥር አጥፊ መርከቦች ጦሯን አወረደች። በዚያች ጠዋት ሁለት ያረጁ የኖርዌይ መርከቦች ሰምጠው ከ270 በላይ ሰው አለቀ። ከቀናት በኋላ እንግሊዞች መጡ፤ ከአሥሩ የጀርመን መርከቦች አንዱም አልተመለሰ። የአንዱ አፍንጫ ዛሬም ሮምባክ ፊዮርድ ዳር ከውኃው ብቅ ብሎ ይታያል። ሜይ 28 የኖርዌይ፣ የፈረንሳይና የፖላንድ ጦር ከተማዋን አስለቀቀ። ነገር ግን ፈረንሳይ በራሷ ምድር እየወደቀች ስለነበር በአሥር ቀን ገደማ ትተዋት ወጡ። ድል አድርጎ መሄድ፣ ለወታደር ከዚህ የሚመር የለም።

አሁን ልብ በሉ። በውኃው ተሻግረው ናርቪክ የገቡት ፈረንሳዮች የሌጌዎን (የውጭ አገር ሰዎች የሚቀጠሩበት የፈረንሳይ ጦር) ወታደሮች ናቸው፤ 13ኛው ግማሽ ብርጌድ ይባላል። በአገራቸው ጦርነት የተሸነፉ ብዙ ስፔናውያን ነበሩበት። ከነዚህ መካከል ለጀርመን አልገዛም ያለውን ጄኔራል ደ ጎልን የተከተሉት በዓመቱ የት ተገኙ? ከረን! በማርች 1941 ጣሊያንን ከረን ላይ፣ ቀጥሎ ምጽዋ ላይ ወጉ። በሜይ 5 ጃንሆይ አዲስ አበባ ከመግባታቸው አንድ ወር ገደማ በፊት፣ ከናርቪክ በረዶ የወጡ ሰዎች ቀይ ባሕር ዳር ላብ እየጠረጉ ነበር። የክፍሉ ባንዲራ ላይ ናርቪክም ከረን-ምጽዋም ተጽፈዋል። እኔ ወጣት መኮንን ሳለሁ ይህን የነገረን አልነበረም፤ ለብቻዬ አንብቤ ነው ያገኘሁት።

መሃል ከተማ ያለውን የጦርነት ሙዚየም ለልጆቹ አሳያቸው… ይቅርታ፣ አሳዪያቸው። በቅርቡ ባለው በይስፊዮርድ በ1942 የተረሸኑት የዩጎዝላቪያ እስረኞች ነገርም አለ። እሱን ለትልቁ ብቻ ንገሪው።

ሰላም_ከኦስሎ

ጋሼ ሻምበል እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ለመጀመሪያ ጊዜ «ትሮምሶ» ሳይል አሥር ደቂቃ ቆየ።

የመንታ_እናት

እኔ ሃርስታድ ነው የምኖረው፣ ናርቪክ በመኪና ወደ ሁለት ሰዓት ናት። ልጆቼን በየዓመቱ ለስኪ እወስዳቸዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ የኔ እህት፣ ተራራው ዳገት ነው። ጀማሪ የሚለማመድበት ቦታ አለ፤ ግን ልጆቹ ሁለት ቀን አስተማሪ ይዘው ይለማመዱ እንጂ መጀመሪያ ቀን አናቱ ድረስ አትላኪያቸው። ልምድ ያለው ሰው ግን ይህን ዳገት ፍለጋ ነው ከአልፕስ ድረስ የሚመጣው። መንሸራተቻው መብራት ስላለው ጨለማውም አይከለክልም።

ከኢቬኔስ ስትመጡ ሃሎጋላንድ ድልድይን ታልፋላችሁ። በዲሴምበር 2018 የተከፈተ ነው፤ በሁለቱ ምሰሶ መካከል ብቻ 1,145 ሜትር ተንጠልጥሏል። ድሮ ፊዮርዱን ዞረን ነበር የምንገባው። ነፋስ ባለበት ቀን ሳልፈው ግን አሁንም እጄ መሪው ላይ ድርቅ ይላል።

ከቻላችሁ ማርች ላይ ሂዱ። «የክረምት ፌስቲቫል ሳምንት» የሚሉት አላቸው። ከተማው በሙሉ የድሮ የሐዲድ ሠራተኛ ልብስ ለብሶ ይወጣል፤ ባርኔጣ፣ ሰደርያ፣ ረጅም ቀሚስ። እነዚያን ሠራተኞች «ራላር» ይሏቸዋል። በየዓመቱም «ጥቁሯ ድብ» የምትባል ሴት ይመርጣሉ። ስሟ የመጣው ለራላሮቹ ምግብ ታበስል ነበር ከሚባልላት ሴት ነው። ቆንጆ ነበረች፣ በፍቅር ጠብ ሞተች ይላሉ፤ ተረቱና እውነቱ ተቀላቅሏል። መቃብሯ ነው የሚባለው ስዊድን በኩል ሐዲዱ አጠገብ አለ። ለአንዲት ወጥ ቤት ከተማ ሙሉ ሲለብስ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ቁጥር_ነጋሪ

ፌስቲቫሉ ይሁን፣ ድልድዩም ይሁን። እኔ የምለው ሌላ ነው። ቱሪዝም ቱሪዝም ይላሉ፤ ናርቪክን የሚያበላት እስከ ዛሬ ብረቱ ነው። በዲሴምበር 2023 ማዕድን የጫነ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ መስመሩ ሁለት ወር ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል በቀናት ውስጥ ሌላ ባቡር ወጣ። ያኔ የቆመው ድንጋይ ብቻ አልነበረም። ከኦስሎ በስዊድን በኩል ለሰሜኑ ምግብ የሚያመጣው ባቡርም ቆመ። ያ ባቡር ሲመለስ ዓሣ ነው የሚጭነው። አንድ ሐዲድ፣ አንድ አንገት።

የከተማዋ ሰዎችም ይህን ስለሚያውቁ ሌላ ነገር ሲሞክሩ ኖረዋል። የሶላር ፋብሪካ ነበራቸው፣ ተዘጋ። በ2007 ማዘጋጃ ቤቷ ከሌሎች ጋር ሆና ወደፊት ከውኃ ኃይል የምታገኘውን ገቢ አስይዛ ተበደረች። ገንዘቡን የአሜሪካ ውስብስብ የፋይናንስ ንግድ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የቤት ብድር ቀውሱ መጣና በላው። አርክቲክ ውስጥ ያለ የመዋዕለ ሕፃናት በጀት በአሜሪካ ቤት ዕዳ ምክንያት ሲቀነስ አስቡት። ይህን እያወቅሁ በ2029 ስኪ ላይ ሲወራረዱ ሳይ ሐሞቴ ይፈሳል።

ቀድሞ_ናርቪክ

ላላወቀ ሰው፦ የ2029ን የአልፓይን ስኪ የዓለም ሻምፒዮና ናርቪክ ታዘጋጃለች። ለ2027 ተወዳድራ በስዊዘርላንዷ ክራን-ሞንታና ተሸነፈች፣ በጁን 2024 ግን አሸነፈች። ከአርክቲክ ክበብ በላይ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው።

ቁጥር_ነጋሪ፣ ስለ 2007ቱ አልከራከርህም። ግን ስኪውና ብረቱ ባላንጣ አይደሉም። ባቡሩ ለማዕድኑ ባይሠራ ኖሮ ማን እዚያ ተራራ ሥር ከተማ ይቆረቁር ነበር? ተንሸራታቹ በምን ይመጣ ነበር? አሁን ደግሞ ሦስተኛ ነገር መጥቷል። በ2025 በጋ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኳንዳል ላይ 230 ሜጋ ዋት የሚፈልግ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተር ሊሠራ ነው ተብሎ ታወጀ። ምክንያቱ ያው የድሮው ነው፦ ቦታው የሚሰጠው ነገር። ድሮ የማይረጋ ባሕር፣ ዛሬ ርካሽ የውኃ መብራትና ቅዝቃዜ።

ቁጥር_ነጋሪ

መብራቱን ዳታ ሴንተሩ ከበላው ለቤት ማሞቂያ ምን ሊተርፍ ነው? ድሮ የወደቡ ሥራ ሰው ይቀጥር ነበር። ኮምፒውተር የሞላው አዳራሽ ስንት ሰው ይቀጥራል?

ቀድሞ_ናርቪክ

እሱ ጥያቄ ትክክል ነው። መልስ የለኝም።

ሰላም_ከኦስሎ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ሄድን፣ ተመለስን!

መጀመሪያ፣ የጫማውን ጥርስ ገዝተን ነበር። ባለቤቴ «እኔ ወንድ ነኝ፣ አላስርም» ብሎ ከአውቶቡስ እንደወረደ ተዘረጋ። ከዚያ በኋላ ሆቴል ውስጥም ሊያስረው ምንም አልቀረው።

ልጆቹ ሁለት ቀን ተማሩ። ትልቁ በሦስተኛው ቀን ከመካከለኛው ጣቢያ ወረደ። እኔ ታች ቆሜ እመቤቴን ስጠራ እሱ አጠገቤ ደርሶ ይስቃል። እኔና አባታቸው ላይኛው ቤት ቁጭ ብለን ፊዮርዱን አየን። ከወዲያ ማዶ የተኛች ንግሥት የምትመስል ተራራ አለች፤ አንድ አዛውንት ግንባሯን፣ አፍንጫዋን በጣታቸው እየጠቆሙ አሳዩን። ከኛ በታች ደግሞ ቀይ ሆድ ያላት ግዙፍ መርከብ ብረት እየጫነች። የባልደረባዬ ቀልድ ትዝ አለኝ። እውነትም የብረት ድንጋይ ሲጫን አየሁ፣ እና ዓይኔን ማንሳት አልቻልኩም። ተንሸራታቾቹ ከኋላ ያልፋሉ፣ መርከቧ ከፊት። አንዱ ሌላውን የሚያፍርበት አይመስልም።

የሰሜን ብርሃን አራት ማታ ጠብቀን አንድ ማታ መጣ፤ ለዚያውም ፒጃማችን ላይ ካፖርት ደርበን። ሙዚየሙ ውስጥ ስለ ሌጌዎኑ አንብበን ልጆቹን «እነዚህ ሰዎች ከረንም ሄደዋል» አልናቸው። ትልቁ ካርታ ላይ ከጣቱ እስከ ጣቱ ለካ።

አቢስኮም ሄድን። ስንመለስ በስተቀኝ ተቀመጥን፣ ተባረክ @ስቶክሆልም_ሰፈር። አንድ ጣቢያ ላይ ባዶው የማዕድን ባቡር ወደ ላይ እስኪያልፍ ቆምን። ልጆቹ ፉርጎ ቆጠሩ። ትልቁ 68 አለ። ትንሹ 67 ብሎ ድርቅ አለ፣ ይኸው ኦስሎ ከገባንም በኋላ በዚያው አቋሙ ነው።

ስቶክሆልም_ሰፈር

68 ነው። ግን ሲያልፍ መስኮቱ በትንፋሽ ይደበዝዛል፤ አንዷ አምልጣው ይሆናል። ልጁን አትጫኑት።

ሰላም_ከኦስሎ

ነገርኩት። «እንግዲያው ተመልሰን እንቁጠር» አለ።